እጁን ዝቅ አድርጎ ያሸነፈው ጋላቢ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስብሰባ ላይ ቃሉ ሁሉ እየገባሽ ነገሩ ግን እንደሚያመልጥሽ የጻፍሽው ሲያሳስበኝ ሰነበተ። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በፈሊጥ ሲያወሩ ነው። የእንግሊዝኛ የፉክክር ፈሊጦች ደግሞ ብዙዎቹ ከፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳና ከቦክስ መድረክ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ፈሊጡን ከመሸምደድሽ በፊት ሜዳውን በዓይነ ኅሊናሽ እዪው።

ከሁሉ አሳሳቹን ላስቀድም። «ሺ ወን ሃንድስ ዳውን» (ቃል በቃል «እጅ ወደ ታች አሸነፈች») ሲባል ብትሰሚ፣ የእኛው «እጅ ሰጠ» ትዝ ይልሽና፣ «ወን» እያለ እንኳ የተሸነፈች ይመስልሻል። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ጋላቢ በእሽቅድምድም ላይ ዛቡን ጨብጦ፣ እጁን ወደ ፈረሱ አንገት እየገፋ ነው የሚያስሮጠው። ተከታዮቹ ርቀው ከቀሩ ግን መገፋቱም መጎትጎቱም አያስፈልግም፤ ዛቡን ላላ፣ እጁን ዝቅ አድርጎ መጨረሻውን መስመር ያልፋል። «ያለ ድካም አሸነፈች» ማለት ነው። ፈሊጡን እንዳለ ተጠቀሚበት። «ዊዝ ኸር ሃንድስ ዳውን» ካልሽ ፈሊጥነቱ ይቀርና ስለ ሴትየዋ እጅ ማውራት ይሆንብሻል።

«ኔክ ኤንድ ኔክ»ም ከዚያው ሜዳ ነው፤ የሁለት ፈረሶች አንገት እኩል ለእኩል ሲሄድ። እኛ «አንገት ለአንገት ተናነቁ» ስንል መያያዝ አለበት። በእንግሊዝኛው ግን ማንም ማንንም አይነካም፣ ጎን ለጎን ይሮጣሉ እንጂ። ለምርጫ ድምፅ፣ ለጨረታ፣ ለነጥብ በይው፤ ለጠብ አይሆንም። አሜሪካኖች «ዳውን ቱ ዘ ዋየር» ካሉ፣ ዋየሩ ከመጨረሻው መስመር በላይ የሚዘረጋው ሽቦ ነው፤ አሸናፊው እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አልለየም ማለታቸው ነው።

«ዳርክ ሆርስ» የሚለውን በደንብ ያዢልኝ። «ዳርክ» (ጠቆር ያለ) እዚህ ላይ የቀለም ነገር አይደለም፤ ችሎታው ያልታወቀ፣ የተሰወረ ፈረስ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1844 እ.ኤ.አ. ዴሞክራቶች ባልቲሞር ላይ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሲመርጡ ጄምስ ፖልክ እስከ ሰባተኛው ዙር አንድም ድምፅ አላገኘም ነበር፤ በዘጠነኛው ዕጩ ሆነ፣ በዚያው ዓመትም በምርጫው አሸነፈ። እስከ ዛሬ ሰዎች ስለ «ዳርክ ሆርስ» ሲያወሩ የሚያነሡት እሱን ነው። እንግሊዞች ደግሞ ያልጠበቁትን ችሎታ ሲያዩብሽ «ዩ አር ኤ ዳርክ ሆርስ» ይሉሻል። የቆዳሽን ቀለም የነኩ መስሎሽ እንዳትቀየሚ፤ ይህን ሙያሽን እስካሁን ለምን ደበቅሽን ማለታቸው ነው።

ከቦክሱ ሁለቱን ብቻ ልንገርሽ። ቦክሰኛው ጃክ ብሮተን በ1743 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባወጣው ሕግ ተጋጣሚን ከወገብ በታች መያዝ ተከልክሎ ነበር፤ በኋላም ከቀበቶ በታች መምታት ነውር ሆኖ ቀረ። ዛሬ «ቢሎው ዘ ቤልት» የሚባለው በይበልጥ ለንግግር ነው። ስለ ሥራ ሲከራከሩሽ ቤተሰብሽን ወይም ሕመምሽን ያነሣ ሰው ከቀበቶ በታች መታሽ ይባላል። ከባድ ወቀሳ ስለሆነ ለተራ ትችት አታውጪው። «ስሮው ኢን ዘ ታወል» ደግሞ ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። መድረኩ ላይ ፎጣውን የሚወረውረው ተፋላሚው ሳይሆን ከጥግ ሆኖ የሚያየው አሠልጣኙ ነው፤ ፎጣው ወደ መድረኩ ስለሚገባ «ኢን» ከመካከል አትውጣ። እሷን ከዘለልሽ ፎጣ ብቻ ወረወርሽ።

«ራይቫል» የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፤ ከአንድ ወንዝ ውሃ የሚጋራ ጎረቤት ማለት ነበር። በመስኖ ተራ የሚነታረኩ ገበሬዎችን ላየ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። «ባላንጣ» ብለሽ አትተርጉሚው፣ ይከብዳል፤ «ተፎካካሪ» ወይም «ተቀናቃኝ» ይበቃል።

ከስብሰባ የምትሰሚውን ፈሊጥ እንዳለ በማስታወሻሽ ያዢና ላኪልኝ። ማን ለማን እንደተናገረው፣ ሰዎቹ ስቀው እንደሆነ ወይም ዝም ብለው እንደሆነም ጨምሪበት፤ ያለዚያ ትርጉሙን አስተካክዬ ልነግርሽ አልችልም።

አባትሽ