ሳጥኑ ሲቃጠል ቁጥሩ ለምን ይቋረጣል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በአንባብያን አምዳችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ የቤት ስልክ ዘመኑ አልፎበታል፤ አረጋውያን ወላጆቻችንን ሞባይል ማስለመድ ነው የሚሻለው የሚል አስተያየት ሰንዝረው ነበር። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ግን እናቴን አያውቋትም። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። የምትደውለው በጣቷ ነው። አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት ትዳስስና ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እየቆጠረች የምትፈልገውን ታገኛለች። ያቺ እብጠት እንደ እናቴ ላሉ ሰዎች ተብላ የተቀመጠች ናት። የሞባይሉ መስታወት ግን ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው፣ ለጣት የሚነግረው ነገር የለም። ገዝተንላት ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የመዳፍ ያህል የምታክል አንዲት ጥቁር ሳጥን ናት። ሰፈራችን ፋይበር ሲገባ የቤታችን ስልክ ከመዳብ ሽቦው ተነሥቶ በኢንተርኔት እንዲመጣ ተደረገ። ቁጥሩ ያው ነው። ቀፎዎቹም ያው ናቸው፤ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ በረንዳ ላይ። በራውተሩና በቤቱ የስልክ ሽቦ መካከል ግን ይህች ሳጥን ገባች፤ ባለሙያዎች አናሎግ ቴሌፎን አዳፕተር (ATA) ይሏታል።

ሥራዋን ላስረዳ፤ የማስተማር አመሌ ከጡረታ በኋላም አልለቀቀኝም። የድሮ የስልክ ቀፎ ስለ ኢንተርኔት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። እጀታው እንደተቀመጠ በሽቦዎቹ መካከል 48 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይኖራል፤ ሰው ሲደውል ደግሞ ደወሉን የሚያንቀሳቅስ፣ በሰከንድ 20 ወይም 25 ጊዜ የሚመላለስ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይመጣል። ድሮ ይህን ሁሉ የሚልክልን የስልክ ማዕከሉ ነበር። አሁን ሳጥኗ ማዕከሉን ተክታ ቮልቱን ራሷ ታመነጫለች፣ እጀታው ሲነሣ የሚሰማውን ዳያል ቶን ራሷ ታሰማለች፣ እጀታው መነሣቱንም ራሷ ትለያለች። ከዚያ የእናቴን ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ እየለካች ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች። እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ይሆናል ማለት ነው። ይህ በተለምዶ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየታሸገ ይላካል፤ ማሸጊያው ሲታከልበትም ከ90 ኪሎ ቢት እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ «ኢንተርኔታችሁ ጠባብ ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ እኔ ዘንድ አይሠራም። ልጆች ፊልም በሚያዩበት መስመር ላይ ይህ ኢምንት ነው። ንግግርን የሚቆራርጠው የእሽጎቹ መዘግየትና መንገድ ላይ መቅረት ነው።

የእኛዋ ሳጥን የሞተችው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። የራውተሩ መብራቶች በሩ፤ የእሷ ግን አንዴ ብልጭ ብላ ቀረች። ይዣት ታይዋን ገበያ ሄድኩ፤ ጥገና ቤት ያለው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በድሬ ቀትር ላይ ገበያ የሚወጣ እንግዳ ብቻ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

«ቲቸር፣ ይጣሏት አቦ፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ ገና ሳያያት።

«መጀመሪያ ለካ» አልኩት።

ቻርጀሯን በቴስተር ለካና 12 ቮልት አገኘ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ባዶውን 12 የሚያሳይ ቻርጀር ሸክም ሲያርፍበት ወደ 7 ሊወርድ ይችላል። አምፖል አስይዞ ሲለካው አልወረደም። ስለዚህ ጥፋቱ የቻርጀሩ አልነበረም። ሳጥኗን ሲከፍታት አንድ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ አናቱ አብጧል፣ ከስልኩ ሶኬት አጠገብ ያለችው ቺፕ ደግሞ ጠቁራለች። ካፓሲተሩን በካውያ ነቅሎ መቀየር ይቻል ነበር፤ ቺፗ ግን ከየት ትመጣለች?

ካፓሲተሩ ለምን እንዳበጠ እኔ በደንብ አውቃለሁ። በውስጡ ፈሳሽ አለ፣ በሙቀት ይደርቃል። በመሐንዲሶች ዘንድ በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ገጣሚዎቹ ሳጥኗን የከሰዓት ፀሐይ በሚጋግረው ግድግዳ ላይ፣ ከራውተሩ በላይ ነበር የሰቀሏት፤ የራውተሩ ሙቀትም ወደ እሷ ይወጣል። ሐረር ያለችው እህቴ ተመሳሳይ ሳጥን አላት፣ ምንም አልሆነችም። ሐረር ከእኛ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ንፋሱን እየጠጣች መሆኗን ማስታወስ ነው። በድሬዳዋ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገጠም ቦታው ጥላ እንዲሆን ማዘዝ የሙያ እንጂ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

እስከዚህ ያለው የዕቃ ነገር ነው፤ ዕቃ ይበላሻል፣ ዕቃ ይተካል። ያንኑ ሞዴል አዲስ ሳጥን ገዛን። የኃይል ገመድ፣ የኔትወርክ ገመድ፣ የስልክ ገመድ፤ ሦስት ቀዳዳ ናት፣ ሕፃን ይገጥማታል። መብራቷ በራ፣ ኢንተርኔት አገኘች። ስልኩ ግን ጸጥ አለ።

ምክንያቱም ሳጥኗ ማን እንደሆነች አታውቅም። ስልኩ እንዲሠራ የአገልግሎት ሰጪውን ሰርቨር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማወቅ አለባት። የመጀመሪያዋ ሳጥን ይህንን ያገኘችው ከአገልግሎት ሰጪው ነው፤ እያንዳንዷ ሳጥን ከፋብሪካ ይዛው የምትወጣው ማክ አድራሻ የሚባል መለያ አላት፣ ድርጅቱ በዚያ መለያ ለይቶ መረጃውን ይልክላታል። አዲሷ ሳጥን መለያዋ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ባዕድ ናት። ደንበኛው ደግሞ የይለፍ ቃሉ አልተነገረውም። የቤቴን ቁልፍ ሠርተው ራሳቸው ኪስ ከተው ሄደዋል ማለት ነው።

የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ አሠራሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው ብዬም አላምንም። ቢሮ ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «እናታችን፣ ሳጥኑን የምንሰጠው እኛ ነን፤ አሁን እጃችን ላይ የለም፤ ከአዲስ አበባ ሲላክ እንደውላለን» አለችኝ። በየት ስልክ ልትደውልልኝ ነው? አልጠየቅኋትም። ቀጥላ መፍትሔ ያለችውን አቀረበች፦ «ካስቸኮላችሁ ሌላ ቁጥር በሞባይል እንስጣችሁ።»

ሌላ ቁጥር! በ1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ቁጥሮች ሁሉ ሲቀየሩና የእኛም 025 ሲሆን፣ እናቴ አዲሱን ቁጥር ለዘመድ አዝማድ ለማዳረስ ወራት ፈጅቶባታል። ያንን ቁጥር ጅቡቲ ያሉት የአክስቴ ልጆች፣ ጅግጅጋ ያሉት የድሮ ጎረቤቶቻችን፣ የዕድሩ ጸሐፊ፣ የፋርማሲው ልጅ ይዘውታል። ለቅሶ የሚነገረው በእሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚደውሉላት አንዲት የዕድሜ እኩያዋ አሉ፤ የሚያወሩት ያው የትናንቱን ነው፤ ግን አንድ ጠዋት ስልኩ ካልተነሣ ሰው ልከው የሚያስጠይቁት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን በእርግጥም ሰው ላኩ። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የእኛን አካባቢ ሰው ከሌላው ለማገናኘት ከሆነ፣ ዛሬ ሳጥን እስኪመጣ ብለን ከከዚራ እዚያው ድሬዳዋ ውስጥ ካለው ሳቢያን ሰፈር ጋር መገናኘት አቅቶን መቀመጣችን ያስገርማል።

ስልኩ በመጨረሻ እንዴት ተነሣ? በዚያው ቢሮ አንድ ወጣት ባለሙያ ነገሩን ሰምቶ አዲሷን ሳጥን ከእጄ ተቀበለ፣ ከሥሯ የተለጠፈውን መለያ አነበበ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በአሮጌው ምትክ ጻፈው። ቤት ደርሼ ስሰካት መብራቶቿ ተራ በተራ በሩና ዳያል ቶኑ መጣ። ወጣቱን አመሰግነዋለሁ፤ ስሙን አልጽፍም፣ ያለ ፈቃድ ሠራህ እንዳይሉት እሰጋለሁ። ንዴቴ ግን ያን ጊዜ ነው የባሰው። ለካስ ሥራው የአንድ መስመር ጽሑፍ ነበር! ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።

«ማንም ያገኘውን ሳጥን ይሰካ ወይ?» የሚል ይኖራል። አላልኩም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ መያዝንና መጠቀምን እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የመሣሪያ ዓይነት ማረጋገጫ ይሰጣል። ጥሩ ነው፤ እኔ የገዛሁትም ድርጅቱ ራሱ ከገጠመው ሞዴል ያልተለየ ነው። የማረጋገጫ ሥርዓት ያለው እኮ የተፈቀደው ከማይፈቀደው እንዲለይ ነው። የተፈቀደውን ይዤ ስመጣ መዝግቡልኝ ማለት ምኑ ነው ነውሩ?

ሌላም አለ። በመዳብ ሽቦው ዘመን ከተማው ጨለማ ቢውጠውም ስልክ ይሠራ ነበር፤ ኃይሉ የሚመጣው ከማዕከሉ ባትሪ ነበርና። አሁን መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል። ይህንን ለደንበኛ ሲገጥሙ በአፍ እንኳ የሚናገር የለም። እኔ ለራውተሩና ለሳጥኗ መብራት ሲጠፋ ኃይል የምትሰጥ አንዲት አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚሏትን፣ ገዝቼላቸዋለሁ፤ ሳጥኗ የምትወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ስለሆነ ትይዛታለች። ዲቫይደር ላይ ከፍሪጅ ጋር መሰካትም ቀርቷል።

ተመሳሳይ ሳጥን ያላችሁ አንባቢዎች ሲበላሽባችሁ የቤቱን ሽቦ ነቅላችሁ አንድ ቀፎ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ከሠራ ጥፋቱ የሽቦው ነው፣ አይጥም ሊሆን ይችላል። ቻርጀር ስትቀይሩ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉም ፖላሪቲ፣ ማለትም የፕላስና የማይነስ አቀማመጡ፣ ተመሳሳይ ይሁን። የቤቱን ሽቦ ከሳጥኑ ጋር ስታገናኙ ከውጭ የሚመጣው አሮጌ የመዳብ መስመር መቆረጡን አረጋግጡ፤ ቮልት ካለበት አዲሱን ሳጥን ያቃጥልባችኋል። ባለ ክብ መደወያ ጥቁር ስልክ ያላችሁም አትቸኩሉ፤ እሱ ቁጥሩን የሚልከው መስመሩን እየቆራረጠ ነው፣ ብዙ ሳጥኖች ደግሞ ይህን አይረዱም። ዘመድ ከውጭ አገር የሚልከው ያገለገለ ሳጥን ብዙ ጊዜ ለዚያው አገር ድርጅት የተቆለፈ ስለሆነ ለበር ማስደገፊያ ካልሆነ አይረባም።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የቤት ስልክ በኢንተርኔት ለሚሰጡ ድርጅቶች ይህን ጥያቄ አቅርባችሁ መልሳቸውን አትሙልን፦ ደንበኛ የተፈቀደ ሳጥን ይዞ ሲመጣ፣ የድሬዳዋም ሆነ የሐረር ቅርንጫፍ በዚያው ቀን በነባሩ ቁጥር ላይ መዝግቦ ስልኩን የማስነሣት ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? ካለው ለሠራተኞቻቸው ይንገሩልን። ከሌለው ደግሞ ማን ከለከለው?

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህርት
ድሬዳዋ፣ ከዚራ