ስለ «ሬይ» ፊልም፣ ለአባቴ

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ስለ ዓይነ ሥውሩ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ስለ ሬይ ቻርልስ ሕይወት የተሠራውን «ሬይ» የተሰኘ ፊልም እንዳዩት ነግረውኝ፣ «ይህ ሁሉ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በሁለት ቃል የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ፊልሙን ደግሜ ካየሁ በኋላ ሐሳቤን በጽሑፍ ልልክልዎ ወደድሁ።

ሬይ ቻርልስን ሆኖ የሠራው ጄሚ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ኦስካር ያገኘበት ትወና በእኔ ግምት ከተባለለትም ይበልጣል። ለቀረጻው ዓይኖቹ እንዲሸፈኑ ተደርጎ ስለነበር ያለ ብርሃን ነው የሠራው፤ ፒያኖም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጫወት በመሆኑ የእጆቹ አኳኋን የማስመሰል አይደለም። የምንሰማው ዘፈን ግን በአብዛኛው የራሱ የሬይ ቻርልስ ድምፅ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካችው እናቲቱ ናት። የዓይኑን ብርሃን ያጣው ሕፃን ቤት ሲገባ ተደናቅፎ ይወድቅና «እማዬ» እያለ በለቅሶ ይጣራል። እናቱ ልትሄድለት ትነሣና ራሷን ገትታ፣ እንባዋ እየወረደ ድምፅ ሳታሰማ ቆማ ታየዋለች። ልጁም የሚያነሣው እንደሌለ ሲገባው ለቅሶውን ትቶ ማዳመጥ ይጀምራል፤ እሳት ላይ የተጣደውን ውኃ፣ በውጭ የሚያልፈውን ጋሪ፣ ወለሉ ላይ የምትጮኸውን ፌንጣ አንድ በአንድ ይለያል። ፌንጣዋን በድምፅዋ ተከትሎ ይይዛትና፣ እናቱም እዚያው መሆኗን እንደሰማ ይነግራታል። ዳይሬክተሩ ቴይለር ሃክፎርድ የዚህ ሰው ጆሮ እንዴት እንደተሳለ ያለ አንዳች ማብራሪያ ያሳየን እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት የመድረክ ትዕይንቶች ሁሉ፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ከዚህ አንድ ትዕይንት ያንሳሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በፊልሙ ሬይ ቻርልስ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚቀመጡበት አዳራሽ አልዘፍንም በማለቱ ከአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ለዘለዓለም ይታገዳል፤ በ1979 ደግሞ የግዛቲቱ ምክር ቤት ይቅርታ ጠይቆ እገዳውን ያነሣለታል። እገዳ የሚባል ነገር አልነበረም። እውነቱ፣ በ1961 በኦገስታ ከተማ አልዘፍንም ማለቱና ውል አፍርሰሃል ተብሎ ገንዘብ መቀጣቱ ነው፤ በ1963ም እዚያው ከተማ ተመልካች ሳይለያይ በተቀመጠበት አዳራሽ ዘፍኗል። የ1979ኙ ክብርም እውነት ነው፤ በምክር ቤቱ ፊት ዘፍኗል፣ ስለ ጆርጂያ የዘፈነውም ዘፈን የግዛቲቱ መዝሙር ሆኗል። እንዲህ ያለ ታሪክ በእጁ ያለ ሰው እገዳ ፈጥሮ የሚጨምርበት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ይህስ ይለፍ። ዓመታትን ማሳጠርና ሰዎችን ማዋሐድ የፊልም ሙያ የሚያስገድደው ነገር ነው። የማልቀበለው የታናሽ ወንድሙን የጆርጅን አሟሟት ነው። ጆርጅ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰምጦ መሞቱ የታወቀ ነው። ፊልሙ ግን ሬይ ወንድሙ የሚጫወት መስሎት ቆሞ ሲያይ ያሳየናል። ሬይ ቻርልስ በግለ ታሪኩ የተረከው ሌላ ነው፤ ወንድሙን ጎትቶ ሊያወጣው ታግሏል፣ ከብዶት ሲያቅተው ሮጦ እናቱን ጠርቷል። አምስት ዓመት ገደማ የሆነውን፣ የሚችለውን ሁሉ ያደረገ ሕፃን እጁን አጣጥፎ እንደቆመ አድርጎ ማቅረብ በደል ነው። ፊልሙ ደግሞ በዚሁ ባልነበረ ጥፋት ላይ ተመሥርቶ የሰውየውን የሄሮይን ሱስ ሊያስረዳን ይሞክራል፤ ሥሩ የተፈጠረ ስለሆነ ማብራሪያውም አይጸናም።

«ባለታሪኩ ራሱ ከፈቀደ አንተን ምን አገባህ?» ይሉኝ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የፊልሙ ጽሑፍ ዓይነ ሥውራን በጣት ዳሰው በሚያነቡት በብሬል ተዘጋጅቶለት አንብቦታል፤ ፊልሙ በጥቅምት 2004 ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊትም በሰኔ ወር ዐርፏል። የእርሱ ፈቃድ ግን ለተመልካቹ የሚተላለፈውን ነገር እውነት አያደርገውም፤ ግለ ታሪኩን የማያነብ እጅግ ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልሙ ያየውን ብቻ ነውና።

እርስዎ የወንድምየውን ትዕይንት ሲያዩ ምን እንደተሰማዎት፣ እውነቱን ካወቁ በኋላስ ፊልሙን እንደ በፊቱ ይወዱት እንደሆነ በሚቀጥለው ስንደዋወል ቢነግሩኝ እጅግ ደስ ይለኛል።

አክባሪ ልጅዎ