ለአባዬ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ግፊትህ ከፍ ማለቱን ከወንድሜ ነው የሰማሁት። እኔን ግን በስልክ "ድካም ነው፣ ይለቀኛል" አልከኝ። መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት እየወሰድክ ነው?

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ትልቋ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ማታ ማታ ከእሷ ጋር "ያንግ ሼልደን" የሚባል የአሜሪካ ኮሜዲ እናያለን። ከ2017 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የታየ፣ ሰባት ሲዝን ያለው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ነው። ሼልደን ገና በ9 ዓመቱ ሃይስኩል የገባ ልጅ ነው። አባቱ ጆርጅ የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ነው። ሚሲ የምትባል መንታ እህትም አለችው።

ቤቱ የሚተዳደረው በሼልደን ጠባይ ነው። ማዕድ ላይ ለጸሎት እጅ ለእጅ ሲያያዙ እንኳ እሱ ጓንት ያጠልቃል። ሁሉም ለምዶታል። ልጄ በእሱ ትስቃለች፤ የእኔ ዓይን ግን ከሚሲ አይነቀልም። አንድ ጊዜ የአባቷን መኪና ይዛ ከጓደኛዋ ጋር ጠፋች። ልጄ "ለምን እንደዚህ አደረገች?" አለችኝ። ዝም አልኩ።

"አንቺ እኮ አታስቸግሪም" ትለኝ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ሙገሳህ እንደነበር አውቃለሁ። ስድስተኛ ክፍል በመንፈቅ ዓመቱ ሦስተኛ ወጣሁና ካርዴን ይዤ እየሮጥኩ ገባሁ። አንተና ወንድሜ ሬዲዮ ፈታታችሁ፣ ብሎኖቹን በቡና ስኒ ታጠራቅማላችሁ። ቀና ሳትል "ጎበዝ፣ እዚያ አስቀምጪው" አልከኝ። ካርዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳምንት ሙሉ ከረመ። በመጨረሻ ፊርማህን አስመስዬ ራሴ ፈረምኩበት። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

ደብተር አጥቼ አላውቅም አባዬ። በዝናብ አዝለኸኝ ትምህርት ቤት አድርሰኸኛል። እሱንም አልረሳሁም።

ሰባተኛው ሲዝን ሊያልቅ ሲል ጆርጅ አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ተሰናብቶ ወጣ። ሼልደን ከሚያነበው ነገር ቀና አላለም። በዚያው ቀን የጆርጅ ልብ ድንገት ቆመ። ቤተሰቡ ለፎቶ ለባብሶ እየጠበቀው ነበር። በቀጣዩ ክፍል ሼልደን ያቺን ጠዋት በሐሳቡ ደጋግሞ ይመልሳታል። ተነስቶ ቢሰናበተው ኖሮ ምን ይለው እንደነበር ያስባል።

ልጄን አስተኝቼ ሳሎን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባለፈው ከእኛ ቤት ስትወጣ ስልኬ ላይ ነበርኩ። "ቻው አባዬ" ያልኩህ እንዳቀረቀርኩ ነው። ቀና ያልኩት በሩ ሲዘጋ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የበሩ ድምፅ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለሐሙሱ ቀጠሮ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። "ወንድምሽ ይወስደኛል" እንዳትለኝ፤ እኔ ነኝ የምወስድህ። ቁርስ ሳትበላ ጠብቀኝ፣ ለምርመራ ደም ይሰጣል ብለዋል። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል አድርጋቸው።

ካርዱ እኔ ጋ ነው። ይዤው እመጣለሁ።

ልጅህ