ፌኖባርቢታልን በድንገት ተዉት ማለት ሰው ይጎዳል

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ያወጣችሁት ዘገባ አናዶኛል። ሌላው ይቅር፣ አንዱን መስመር ግን ማለፍ አልቻልኩም። «የፌኖባርቢታል ሥራ ማደንዘዝ ብቻ ነው፤ ሕመሙ ጋብ ሲል መተው ይቻላል» ይላል። ይህን ማን ነገራችሁ?

የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። ታናሽ እህቴ ይህን ኪኒን ማታ ማታ ትወስዳለች። ዘገባችሁ በስልክ እየተቀባበለ ሰፈራችን ደረሰ። አክስታችን «ይኸው ጋዜጣውም ብሏል» ብለው ኪኒኑን ደበቁባት። ጥቂት ቆይታ ምድጃ አጠገብ ወደቀች፤ ክንዷ ተቃጠለ። እናንተ እርማት ታወጡ ይሆናል። የእህቴን ጠባሳ ማን ያርመዋል?

አንጎላችን ውስጥ ጋባ የሚባል ኬሚካል አለ፤ የነርቭ ሴሎችን ያበርዳል። ሴሉ ላይ ሲያርፍ ጠባብ መተላለፊያ ይከፈትና ክሎራይድ ይገባል፤ ሴሉም በቀላሉ አይነሳሳም። ፌኖባርቢታል መተላለፊያው ቶሎ እንዳይዘጋ ያደርጋል። የሚጥለው ሰው ሴሎች አንድ ላይ ሲነሱ የሚያረግባቸው ይህ ነው። እንቅልፍም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። የዚሁ ወገን የሆነው ታዮፔንታል በደም ሥር ሲሰጥ ለቀዶ ሕክምና በሰከንዶች ያስተኛል። ፌኖባርቢታል ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ የሚጥል በሽታ ሲያክም ኖሯል። መጀመሪያ ሰሞን ያደክማል፣ እውነት ነው። ሲበዛ ትንፋሽ ያፍናል፤ ከአረቄ ጋርማ ጭራሽ አይሞከርም። ይህን ብትጽፉ አመሰግናችሁ ነበር።

ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ግማሹ እስኪወጣ አዋቂ ሰው ላይ 4 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ያቋረጠ ሰው ለጊዜው ደህና ይመስላል። አንጎል የለመደው ሲጎድልበት የሚመጣው መንቀጥቀጥ ግን ከቀድሞው ሊብስ፣ ሳያባራ ቀጥሎም ሊገድል ይችላል። መቆም ካለበት ሐኪም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው።

ደግሞስ ከአዲስ አበባ ውጭ ማንን ጠየቃችሁ? ዘጋቢያችሁ ጣርማ በርን አልተሻገረም። እኛ ጋ አቅማችን የሚችለው ይኸው ኪኒን ነው። «አዳዲስ አማራጮች አሉ» ትላላችሁ። የት? በማን ብር? እዚህ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚይዝ ብዙ ነው፤ በጎኑ የሚያስተኛው ጥቂት። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚሄዱ ሕሙማን ኪኒናቸውን ይዘው እንዲሄዱ ስንለምን ኖረናል። ያንን ልፋት ነው በአንድ መስመር ያፈረሳችሁት።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ስፋት አውጡት። «ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ» የሚለው ርዕሱ ላይ ይሁን፤ በስልክ የሚዞረው ርዕሱ ነው።

ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ