ቻርልስ ከመንገሣቸው በፊት የሠሩት ሥራ አይዘንጋ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ስለ ብሪታንያው ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ሲወራ ዕድሜያቸው ይቀድማል። እናታቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ዙፋኑን የወረሱት በ73 ዓመታቸው ነውና አይገርምም። የሚያሳዝነኝ ያ ሁሉ ዘመን ወረፋ ጥበቃ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

በ1976 ከባሕር ኃይል ሲሰናበቱ የተከፈላቸውን 7,400 ፓውንድ አውጥተው ለወጣቶች የእርዳታ ድርጅት አቋቋሙ። ሥራ ያጣ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ከእስር የወጣ ወጣት እዚያ ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ ያገኛል። ገንዘብ ሰጥቶ ዘወር ማለት ቀላል ነው፤ ድርጅቱ ግን ንግድ ለሚጀምር ወጣት አብሮት የሚቆም አማካሪም ይመድባል። እኔ ትልቅ ቁም ነገር የምለው ይህን ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወጣቶች ተረድተውበታል፤ ዝነኛው ተዋናይ ኢድሪስ ኤልባም በወጣትነቱ 1,500 ፓውንድ ያገኘው ከዚሁ ድርጅት ነው።

ስለ ፕላስቲክ ብክለት በአደባባይ ያስጠነቀቁትም በ1970፣ ገና በ21 ዓመታቸው ነበር።

ዛሬ ንጉሥ ናቸውና ከፖለቲካ ክርክር መራቅ ግድ ይላቸዋል፤ እንደ ድሮው በየጉዳዩ ሐሳባቸውን መግለጽ አይችሉም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ዘውዱና ስለ ሠረገላው ከጻፈው ግማሹን ያህል እንኳ ስለዚህ ሥራ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ