ሰኒዬ መርፌ ላኪልኝ

ሰኒዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወውና ቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ፣ አለበለዚያ ሰላምታው ብቻ ገጹን ይጨርሰዋል። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው፣ "ያቺ ጀርመን የገባችው ልጅ ረሳችን እንዴ" ትላለች። እኔ ስራ ለቅቄያለሁ፣ እሱን ስንደዋወል እነግርሻለሁ፣ ይረዝማል።

አሁን ምን እየሰራሁ ነው መሰለሽ፣ የቆዳ ትራስ! ሶፋ ላይ ጣል የሚደረገውን ትንንሹን ማለቴ ነው። ሳቂ ግድ የለም። ያቺን የእማዬን በእግር የምትነዳ ሲንጀር የስፌት መኪና ታስታውሻታለሽ አይደል፣ ቴሌቪዥን ተቀምጦባት የነበረችው፣ እሷን ገላልጬ ዘይት አጠጣኋትና ቀበቶዋን አስቀየርኩላት፣ አሁን ከማንም የኤሌክትሪክ መኪና እሷን አምናለሁ። ቆዳ ጥድፊያ አይወድም። በተለይ ማዕዘኑ ላይ ስትደርሺ እግርሽን አንስተሽ መዘውሯን በእጅሽ እያዞርሽ አንድ ስፌት ከዛ አንድ ስፌት እያልሽ ነው የምትሄጂው።

እማዬ የመጀመሪያውን ስታየው ምን ብትል ጥሩ ነው፣ "ይሄማ መከዳ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አመጣሽ?" እውነቷን ነው ደግሞ፣ አያቴ ቤት የነበረው መከዳ ከኔ ትራስ ሁሉ ይበልጣል፣ በወስፌና በጠፍር የተሰፋ፣ እኔን ራሴን የሚያክል ነበር።

ቆዳውን የማገኘው ከሳልቫጅ ጃኬት ነው። የወንድ ኤክስትራ ላርጅ ከሆነ ጀርባው ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ ስፌት ከሌለው አንድ ሙሉ የትራስ ፊት ይወጣዋል። እውነተኛ ሌዘር መሆኑን ለማወቅ ገበሩን ትንሽ ተርተር አድርገሽ ውስጡን እይው፣ ከፈይ መሳይ ጸጉራም ከሆነ ቆዳ ነው፣ የጨርቅ ሽመና ካየሽበት ግን ፕላስቲክ ነው፣ እሱ ትንሽ ቆይቶ እየተላጠ ሶፋሽን በሙሉ ያበላሽብሻል። ጃኬቱን የሚሸጠው ልጅ "አትቅደጂው እንጂ!" ብሎ ይጮህብሻል፣ ይጩህ።

የሚያበግነኝን ልንገርሽ? የኛ ደጋ በግ ቆዳ እኮ ውጭ ለጓንት የሚፈለግ ነው፣ የሰላሌ በግ የባቲ ፍየል እየተባለ በስሙ የሚታወቅ፣ እዚህ ግን የፋሲካ ማግስት ውጪና እዪ፣ ቆሻሻ ገንዳው ላይ ተጥሎ ነው የምታገኚው። ልጅ ሆነን "ቆዳ ያለው" እያለ የሚዞረው ሰውዬ ከእማዬ ጋር እንዴት ነበር በዋጋ የሚሟገተው፣ አሁን በነጻ ውሰድልኝ ብትይውም የሚወስድልሽ የለም። እቤት እንዳላለፋው ሽታው ጎረቤት ያጣላኛል፣ ስለዚህ የኛው ቆዳ እዚያ ይበሰብሳል እኔ ደግሞ ፈረንጅ ለብሶ የጣለውን ጃኬት ገዝቼ እሰፋለሁ። አንዳንዴ ከሞጆ የመጣ ተለፍቶ ያለቀለት የበግ ቆዳ አገኛለሁ፣ በስኩዌር ፊት ነው የሚሸጠው፣ ልስላሴው ሌላ ነው። ከሱ ስትቆርጪ ጀርባውን እንጂ የሆዱን በኩል አትንኪው፣ ይለጠጥና ትራሱን ያንጋድደዋል።

አሰፋፉ ብዙ ጣጣ የለውም፣ ግን ቆዳ ይቅር አይልም፣ መርፌ የገባበት ቀዳዳ አይደፈንም። ሸማ ቢሆን ተርትረሽ ትደግሚዋለሽ፣ ይሄ ግን ያቺው አንድ ዕድል ናት። ስለዚህ ስፒል የሚባል ነገር የለም፣ በልብስ መቆንጠጫ ነው የምታያይዢው። 45 በ45 ሳንቲሜትር ለሚሆን ትራስ 47 በ47 ካርቶን ላይ ትቆርጪና ከቆዳው ጀርባ በእስኪብርቶ አዙረሽ በምላጭ ትቆርጫለሽ። ስፌቱ ረዘም ይበል፣ 4 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ካጠጋጋሽው ቆዳው እንደ ቴምብር ተቀዶ ይቀርልሻል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ከላይ የሚጫነው የመኪናዋ ብረት እግር ቆዳው ላይ እየተጣበቀ አልሄድ ካለ ስስ ወረቀት ጣል አድርጊበትና አብረሽ ሰፍተሽ በኋላ ቅደጂው። ካውያ ወዲያ በይው፣ የስፌቱን ዳር በማስቲሽ ለጠፍ አድርገሽ በጨርቅ የተጠቀለለ መዶሻ ቀስ እያልሽ መምታት ነው፣ መስኮት ከፍተሽ ታዲያ፣ ማስቲሹ ራስ ያዞራል።

ሁለቱንም ፊት ቆዳ አታድርጊው የሚሉ አሉ፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። አየር መውጫ ያጣና ሰው ሲደገፈው ጺጥ ይላል፣ እንግዳ ፊት ምን እንደሚመስል አስቢው! ደግሞም ይቀዘቅዛል። እኔ ከኋላ ከፈይ ወይ ጂንስ ነው የማደርገው፣ ዚፑም እዚያው ታች በኩል ይገባል። ክረምት ላይ ብቻ ግድግዳ አስጠግተሽ እንዳትተዪው፣ ይሻግታል። የጫማ ቀለምም እንዳትቀቢው፣ የሰው ነጭ ልብስ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የሌዘር መርፌ ቸግሮኛል። ተራው መርፌ ስፌት ይዘላል፣ የሌዘሩ ግን ጫፉ ስለት ስላለው ቆርጦ ነው የሚገባው። እዚህ የማገኘው ለፋብሪካ መኪና የሚሆነውን ነው፣ እሱ ለሲንጀሯ አይገባም። ሽሜትዝ የሚባለው የናንተው አገር ነው፣ ማሸጊያው ላይ 130/705 ይልና ሌደር የሚል ተጽፎበታል፣ ቁጥር 90 እና 100 አምጪልኝ፣ ከሁለቱም። ሰው ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል፣ ኪሎ አይበላም።

በዚያው ሰው መልስ ሁለት ሽፋን እልክልሻለሁ። ቡናማውን ነው ወይስ ጥቁሩን የምትፈልጊው? የውስጡን ትራስ እዚያው ግዢ፣ 50 በ50 ይሁን፣ ከሽፋኑ ካልበለጠ ማዕዘኑ ባዶ ሆኖ ይሸበሸባል። ደውዪ ደግሞ፣ ማታ ከሶስት ሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ይሻላል፣ እማዬም እስከዚያ አትተኛም።

ያንቺው ሂሩት