ስለ አንዲት ቦይ፦ ለከተማችን የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የኢኮኖሚ ልማት ቦርድ ሰብሳቢና አባላት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ 12 ሜትር ቦይንና የእናንተን ፊርማ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

እንደምን ከረማችሁ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ባስገባ ኖሮ ገቢ ቁጥር ተሰጥቶት ማኅደር ውስጥ ይተኛ ነበር። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ሦስቱ እዚያው ተኝተዋል። ስለዚህ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጻፍኩት። ቅር አይበላችሁ።

የከተማችንን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት። ደጋ ናት። ኅዳር ላይ ውርጩ ባቄላውን የሚያቃጥልባት ናት። ስሟን የተውኩት ፈርቼ አይደለም። የጎረቤት ከተማ ሰውም ሲያነበው «ይሄማ የእኛው ቦርድ ነው» ማለቱ ስለማይቀር ነው።

እኔ የሱፍ ሥራ ነው የምሠራው። የመንዝ በግ ሱፍ እንገዛለን፣ እናጥባለን፣ እናስፈትላለን፣ ባናና ምንጣፍ እናደርገዋለን። ከእኔ ጋር ሰባት ነን። የመንዝ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለሹራብ ሰውነት ያሳክካል። ለባናና ለምንጣፍ ግን ወደር የለውም። የምንሠራው ከተማው ባከራየን ሼድ ውስጥ ነው። ሼዱ ጥሩ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ችግሩ ያለው ከጀርባው ነው። መሬቱ ወደ እኛ ያዘነበለ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል የዳገቱ ውሃ በሙሉ ግድግዳችን ሥር ይሰበሰባል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ማመልከቻ አስገባሁ። የጠየቅሁት ገንዘብ አይደለም። «ከሼዱ ጀርባ 12 ሜትር ቦይ በራሳችን ወጪ እንድንቆፍር ይፈቀድልን» ነው ያልኩት። ዶማውም አካፋውም ጉልበቱም የእኛ። መሬቱ የከተማው ስለሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ይሄ ልክ ነው። ማንም እየተነሳ የከተማ መሬት አይቆፍር።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤዬን ተቀበለች። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብላ መታችው፤ ቀለሙ ደርቆ ግማሹ ብቻ ወጣ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ ይሄ እኮ በቦርድ የሚወሰን ነው» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ የተነገራትን ነው የነገረችኝ። እኔም ጥር ነው፣ ክረምቱ ሩቅ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

የካቲት ላይ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተባለ። መጋቢት ላይ ቦርዱ ተሰበሰበ፣ ቀኑን ሙሉ የአንድ ሆቴል ቦታ ሲያነጋግር ዋለ። ሚያዝያ ፋሲካ ነበር። ግንቦት ላይ ጉዳዬ አጀንዳ ውስጥ መግባቱን ሰማሁና ደስ አለኝ። ኋላ ስጠይቅ «ልዩ ልዩ» የሚለው ሥር ነበር የተያዘው። ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ ደግሞ መሽቷል። ሰኔ ላይ በጀት መዝጊያ ነው፣ ማን ስለ ቦይ ያወራል?

ሐምሌ ላይ ውሃው መጣ። ሌሊት ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቤት ውስጥ የረጠበ በግ ያደረ ነበር የሚመስለው። 11 ኬሻ የታጠበ ሱፍ መሬት ላይ ደርድረን ነበር። የላዮቹ ተረፉ። የታችኞቹ ጭቃ ጠጥተው እንደ ድንጋይ ከብደዋል። መሸመኛው ላይ ያለ አንድ ምንጣፍ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቡናማ ሆኗል። የደንበኛ ነው፣ ቀብድ የተቀበልኩበት። ከፈታዮቻችን አንዷ ምንም ሳትናገር ጫማዋን አውልቃ ውሃውን በጣሳ መቅዳት ጀመረች። እኛም ተከተልናት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሚባለውን ያን ቀን በትክክል ሠራነው።

ጎረቤቴ ግን ምንም አልሆነም። እሱ ሚያዝያ ላይ ሳያስፈቅድ በሁለት ቀን ቆፍሮ ጨርሶታል። እስከ ዛሬ ማንም ምንም አላለውም። እንግዲህ ማመልከቻ ያስገባሁት እኔ ነኝ የተቀጣሁት። ይህን ስጽፍ እሱ ላይ እየጠቆምኩ አይደለም፣ ጎበዝ ነው። ግን አሠራራችን ሰውን ምን እያስተማረ እንደሆነ አስቡት።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ያየሁት። የደረሰብኝን ጉዳት ይዤ ስሄድ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ጠፋ። ጽሕፈት ቤቱ «እኛ አልከለከልንሽም፣ ቦርዱ ነው ያልወሰነው» አለ። ቦርዱ በበኩሉ «በቃለ ጉባኤ ያልተያዘ ነገር አናውቅም» አለ። ቃለ ጉባኤውን ስጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልኩ። ቦርድ ማለት ወንበር ነው እንዴ? ሰው የለበትም?

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ከቦርዱ አባላት አንዱ አጠገቤ ተቀመጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ የምላቸው፣ ደግ ሰው ናቸው። ንፍሮ እየቆረጠሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ፊርማ እኮ ነገ ያስጠይቃል» አሉኝ። «ዛሬ ለቦይ ብፈርም፣ ነገ ኦዲተር መጥቶ የከተማ መሬት አስቆፈርክ ቢለኝ ማን ይደርስልኛል?»

እውነቴን ነው፣ አዘንኩላቸው። ክፋት አይደለም የያዛቸው፣ ፍርሃት ነው። ቤት ገብቼ ግን ነገሩ አላስተኛኝ አለ። የሕግ ተማሪ የሆነ የእህቴ ልጅ አለና ፍትሐ ብሔር ሕጉን አብረን ገለጥን። በ1952 የወጣው፣ ዛሬም የምንተዳደርበት ነው። ጋሼ፣ ይህን ክፍል ለእርስዎ ብዬ ነው የምጽፈው።

አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ይክሳል ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል። መንግሥት ከፍሎ ኋላ ወደ ሠራተኛው መመለስም ይችላል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም፣ ሰውየው ብቻውን ነው። ልዩነቱን 2127 ያስቀምጠዋል። በቅን ልቦና፣ ሥልጣኔ ነው ብሎ፣ ለመንግሥት ጥቅም ብሎ የሠራ ሰው ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ይህ ደንብ ሕጋዊ ሰውነት ላላቸው የአስተዳደር ክፍሎችና የሕዝብ አገልግሎት ተቋማትም ይሠራል ይላል።

እንግዲህ ቅን ልቦናዎን የሚያሳይልዎ ምንድን ነው? ወረቀት ነው። «ይህ ጥያቄ ቀረበልን፣ ባለሙያ አየው፣ በዚህ ምክንያት ፈቀድን» የሚል አራት መስመር። ኦዲተር ቢመጣ የሚያድንዎ እሱ ነው። ባዶ ቃለ ጉባኤ ማንንም አያድንም።

ሌላም አለ። አንቀጽ 2029 ጥፋት በማድረግም ባለማድረግም ሊሆን ይችላል ይላል። ይህን ሳነብ ነው ብድግ ያልኩት። እርስዎ አለመፈረም መጠለያ መስሎዎት ነበር። ሕጉ ግን እንደዚያ አላለም። ሰባት ወር ዝም ማለትም ሊያስጠይቅ ይችላል። ክስ የማቀርብበት ጊዜ በ2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው፤ አንዱ ሊያልቅ ነው። ማስፈራራቴ አይደለም። ፍርድ ቤት መመላለስ አልፈልግም፣ ሥራ አለኝ።

ስለ ቃለ ጉባኤው ደግሞ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 ለጠየቀ ሰው ቢበዛ በ30 ቀን መልስ ይሰጠው ይላል። እኔ የጠየቅሁት የባለሀብት የንግድ ምስጢር አይደለም። የራሴን ቦይ ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በአዋጅ 1183/2012 ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ተደርጓል። ያ አዋጅ የእኛን ከተማ በቀጥታ አይመለከትም እንበል። መልካም ነገር መቅዳት ግን ኃጢአት የለውም።

ስለ መቅዳት ካነሳሁ አይቀር፣ ዳላስ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለ። ብሶቴን በስልክ ሳወራው «እዚህም እኮ የከተማ ልማት ቦርድ አለ» ብሎ አስረዳኝ። ቴክሳስ ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 የወጣ የልማት ኮርፖሬሽን ሕግ አለ። ከተሞች ከሽያጭ ታክስ ትንሽ ከፍለው ለእንዲህ ዓይነቱ ኮርፖሬሽን ይሰጣሉ። «ዓይነት ቢ» የሚሉት 7 ሰው ያለው ቦርድ ነው። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፣ ያወጡት ወጪ ብቻ ነው የሚተካላቸው። ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ የከተማው ሹም ወይም ሠራተኛ ወይም የምክር ቤት አባል መሆን የለባቸውም። አጀንዳው አስቀድሞ ይለጠፋል። ከባለሀብት ጋር ድርድር ሲኖር በር ዘግተው መነጋገር ይችላሉ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን በሩ ይከፈታል። የገረመኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። እኛ ጋ ምክክሩ በየሻይ ቤቱ ይሰማል፣ የተዘጋው ውሳኔው ነው።

እነሱ መላእክት ናቸው ማለቴ አይደለም። እናንተም ሥራ አልሠራችሁም አልልም። ባለሀብት ይምጣ ብላችሁ እንደምትሮጡ አያለሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ብርድ ልብስ ፋብሪካውም ቢራውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም አላት። አረርቲም ተነስታለች። የእኛም ከተማ ትነሳ ማለታችሁ ደግ ነው። ግን ከተማ ሆቴልም ነው፣ የእኔ ቦይም ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ትንንሹን ጉዳይ ከቦርድ ጠረጴዛ አውርዱት። ቦይ፣ የበር ቅያሪ፣ የሼድ ኪራይ ውል እድሳት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ይሄ ሁሉ ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ውክልና ይሰጥ። እስከ ስንት ብር፣ እስከ ስንት ሜትር መወሰን እንደሚችል ይጻፍ። በ10 የሥራ ቀን እሺ ወይም እምቢ ይበል። እምቢም መልስ ነው፤ እምቢ ብባል ኖሮ ሱፌን ቆጥ ላይ እሰቅል ነበር። ጽሕፈት ቤቱ የወሰነውን በየስብሰባችሁ በአንድ ገጽ ሪፖርት ያቅርብላችሁ፣ እናንተም እዩት። መሬት፣ የግብር ማበረታቻ፣ በጀት የመሳሰለውን እናንተው ያዙት።

ቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ ስም ይስፈር። ማን ተገኘ፣ ማን ቀረ፣ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። የራሱ ወይም የዘመዱ ጉዳይ ሲቀርብ ከክፍሉ የወጣ አባል መውጣቱ ይጻፍለት፤ ለራሱም ክብር ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁላችንም እንዛመዳለን፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ይመጣል። «ልዩ ልዩ» የሚባለውን አጀንዳ በተመለከተ ግን ቢቻል ሰርዙት፣ ካልሆነም ከላይ አድርጉት። በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳም ይታሰብበት። ባለፈው ሳየው የተለጠፈው ጊዜው ያለፈበት የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነበር፣ ግማሹን ንፋስ ወስዶታል።

ለአባላቱ ደግሞ የከተማው የሕግ ባለሙያ ቁጭ ብሎ በምን እንደሚጠየቁ፣ በምን እንደማይጠየቁ ያስረዳቸው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ጋሼም በለቅሶ ቤት ንፍሮ ላይ ከሚጨነቁ እዚያ ቢጠይቁ ይሻላል።

የእኔን ጉዳይ በተመለከተ የተበላሸውን ሱፍ ዝርዝር ከነፎቶው ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ አያይዤዋለሁ። እሱን እዩልኝ። መልሱ ምንም ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ የፈረመው ሰው ስምም ይኑርበት። ቦዩን ግን ከዚያ አታያይዙት። ዛሬ ከሼዱ ጀርባ ሄጄ መሬቱን በዶማ ነካ አድርጌው ነበር፤ ገና ለስላሳ ነው፣ ሁለት ቀን አይፈጅብንም። የሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሼድ ተከራያችሁ፣ የሱፍ ሠራተኛዋ

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለጽሕፈት ቤቱ
ለመዝገብ ቤት (ለማኅተሙ ቀለም ይገዛላት)